እትዬ ጀሶ እና ሰባቱ መዝጊያዎች

ከጥርስ ክሊኒኩ መቀበያ ወደ ውስጥ ሲዘልቁ፣ የራጅ ክፍሉን አልፈው፣ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫውንም አልፈው፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ አንዲት ጠባብ በር አለች። በሯ ላይ ምንም አልተጻፈም። የከተማው ሰው ግማሹ ምግቡን የሚያላምጠው ከዚያች በር ጀርባ በተሠራ ጥርስ ነው ብል ማጋነኔ ይታወቅብኛል፤ ሩቡ ልበል። የቀረው ሩብ ደግሞ ተራውን እየጠበቀ ነው።

እዚያ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥርስ ስትሠራ የኖረችውን ሴት እትዬ ጀሶ ይሏታል። የደንበኛው የአፍ ልክ ከተወሰደ በኋላ ጀሶ በጥብጣ የምትሞላበት እሷ ስለሆነች፣ ፀጉሯም ሽርጧም የጫማዋ ክር ሳይቀር ነጭ ነው። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቀው የደመወዝ መዝገቡ ብቻ ነው።

ሥራውን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በጽዳት ስትቀጠር የዚያን ጊዜው ጥርስ ሠሪ አንድ አመለኛ ሽማግሌ ነበር። ጀሶ በጥብጪልኝ፣ ሰሙን አሙቂልኝ፣ እዚህ ጋ ያዢልኝ ሲላት ዓይኗን ከእጁ ላይ ሳትነቅል ስድስት ዓመት ኖረች። ሽማግሌው ጡረታ በወጣ ማግስት ዶክተሩ ሌላ ባለሙያ ሊያፈላልግ ስልኩን ሲያነሳ፣ እሷ መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ገባችና ያደረውን ሥራ ጨረሰች። ዶክተሩ የተሠራውን ጥርስ አገላብጦ አየና ስልኩን መልሶ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሥራ ጥርሷን ነቅላለች፤ የሰውም ሲነቀል አይታለች።

ምስጋናውን ግን የሚወስደው ዶክተሩ ነው። ሰው አዲሱን ጥርሱን አጥልቆ መስታወት ፊት ሲቆም «እጅዎ ይባረክ ዶክተር» ይላል፤ ዶክተሩም ራሱን ነቅነቅ ያደርጋል። እሷ በበሯ ስንጥቅ ደንበኛው ፖም ሲገምጥ ታያለች። ቀጥ ብሎ ከገመጠ ወደ ወንበሯ ትመለሳለች። ሙያ በልብ ነው ትላለች፤ ይህን ስትል ግን አገጯ ትንሽ ከፍ ይላል።

አንድ የሚያስቅ ነገር አለ፤ እሷ ራሷ ከፊት ሁለት ጥርስ የላትም። የዛሬ አሥር ዓመት የክሊኒኩ ደረጃ ላይ ወድቃ ነው የተሰበሩት። ለራሷ ልትሠራ ሁልጊዜ ነገ ነገ ትላለች፣ ነገ ደግሞ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ድድ ይመጣል። ስለዚህ ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። አገጯ ላይ የጀሶ አሻራ ካያችሁ ያን ቀን አንድ ሰው አስቋታል ማለት ነው።

ባሏ የሞተው ልጃቸው ሦስት ዓመት ሲሞላት ነበር። እናት ጥርሷን ነክሳ አሳደገቻት። ልጅቷ ከሃያ ዓመቷ ጀምሮ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ትሠራለች፤ አሁን ሃያ ሰባት ሆናለች። ሰም ስትቀርጽ እጇ ከእናቷ ይበልጣል። እትዬ ጀሶ ይህን ለልጅቷ ነግራት አታውቅም፣ ለዶክተሩ ግን በየሳምንቱ ትነግረዋለች።

የጎደላቸው ወረቀት ነው። ሁለቱም የባለሙያ ምስክር ወረቀት የላቸውም። ኮሪያ ውስጥ ያለ አንድ የጥርስ ሥራ ትምህርት ቤት ደግሞ በየዓመቱ ከዚህ ከተማ ፈትኖ ሰው ይወስዳል፤ ሁለት ዓመት አስተምሮ ወረቀቱን ይሰጣል። ከሃያ ሰባት ዓመት በላይ የሆነ አይቀበልም። ልጅቷ አምና ተፈትና በእጅ ሥራው አንደኛ ወጣች፣ በንግግሩ ወደቀች። ዘንድሮ የመጨረሻዋ ነው።

የወደቀችበትን ነገር ለእናቷ ስታስረዳት አንድ ቀን ሙሉ ፈጀባት። ኮሪያውያን ፊደላቸውን እንደ ዕቃ በአንድ ሳጥን ውስጥ ይደራርቡታል፤ ከሳጥኑ ግርጌ አንዳንዴ አንድ ተነባቢ ይቀመጣል፤ ድምፁን የሚዘጋው እሱ ነው። ግርጌ የሚጻፉት ፊደሎች ብዙ ናቸው፣ አፍ ግን የሚዘጋባቸው በሰባት መንገድ ብቻ ነው።

«ሰባት ብቻ?» አለች እናት። «እኔ አፍ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ነገር በየቦታው አስቀምጥ የለም እንዴ?»

ሰባቱ ግን እሺ አላሉም። ልጅቷ አፏን የፈታችበት ቋንቋ ቃሉ ሲያልቅ ትንፋሹን ለቀቅ ያደርጋል። «ባፕ» ስትል፣ የበሰለ ሩዝ ማለት ነው፣ ከንፈሯ ገጥሞ መቅረት ሲገባው ተመልሶ ፍንድት ይልና ከኋላው አንዲት ትንሽ «እ» ትወጣለች። የቋንቋ መምህርቷ ይህችን «ጭራ» ትላታለች። መምህርቷ አሥራ አንድ ዓመት ኮሪያ ውስጥ ፋብሪካ ሠርታ የተመለሰች፣ ከፎቶኮፒ ቤቱ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምታስተምር፣ ጆሮዋ የማይታለል ሴት ናት። ልጅቷ አንድ ገጽ ባነበበች ቁጥር በእርሳስ ጠረጴዛውን እየመታች ጭራ፣ ጭራ፣ ጭራ ትላታለች። ልጅቷ ደግሞ የራሷ ጭራ አይሰማትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልጅቷ ከትምህርቷ ተመልሳ ደብተሯን ጀሶ ጆንያው ላይ ወረወረችው።

«በቃኝ እማዬ። አፌ ለዚህ አልተሠራም።»

ይህ ለሌላ እናት የሚነገር ነው። እትዬ ጀሶ ደብተሩን አንስታ አራገፈችው፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋችና «ነይ ተቀመጪ» አለቻት። «አፍሽ ካልተሠራ እንሠራዋለን። ሥራችን ምን ሆነና?»

የደንበኛ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ሊጥ የመሰለውን የልክ መውሰጃ የመንጋጋ ቅርጽ ባለው ማንኪያ ሞልታ ላንቃዋ ላይ ጫነችው፤ ሲጠና አወጣችው፤ ጀሶ ሞላችበት። በማግስቱ በጀሶው ላንቃ ላይ ሰው ሠራሽ ድድ ከሚሠራበት አክሪሊክ እንደ ጥፍር የሳሳ ሽፋን ሠራች፣ ጠርዙን ሞረደች፣ ምላስ እንዳያሻክር አለሰለሰችው። ከዚያ ሽፋኑ ላይ የበቆሎ ስታርች ነፋችበትና ልጇ አፍ ውስጥ አጠለቀችው።

«ኦት በይ።»

ኦት ልብስ ነው። ልጅቷ አለች። እናት ሽፋኑን ቀስ ብላ አውጥታ መስኮቱ ጋ ሄደች። ምላሷ የነካው ቦታ ላይ ዱቄቱ ተጠርጓል፤ ከፊት ጥርሶቹ ጀርባ ድዱን ተከትሎ እንደ ፈረስ ኮቴ ታትሟል። ጠረገችው፣ እንደገና ነፋችበት፣ ውሃ ማለት የሆነውን «ሙል» አስባለቻት። አሁን የፊቱ ብቻ ተነክቶ ጎንና ጎኑ ነጭ እንደሆነ ቀረ። መጽሐፍ ማለት በሆነው «ቼክ» የኋላው ጠርዝ ብቻ በስሱ ተላሰ። «ባፕ» ላይ ዱቄቱ ሳይነካ ወጣ፤ እሱን የሚዘጋው ከንፈር ነው።

እትዬ ጀሶ እንደ ልጅ ፈነደቀች። አፍ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ስትኖር ቃል ሲሠራ ዱካውን ያየችው ያን ቀን ነው። ያን ሳምንት ልጇ የምሳ ሰዓቷን ሁሉ ሽፋኑን ስታጠልቅና ስታወልቅ ዋለች፤ አሻራው በየቀኑ ያው አንድ ዓይነት ነበር። አንድ ቀን እናት ጥርስ በኮሪያኛ ምን እንደሚባል ጠየቀቻት።

«ኢ።»

«ኢ ብቻ?»

«ኢ ብቻ። መዝጊያ የለውም።»

እናት ሞከረችው። «ኢ» ሲሉት ጥርስ ይታያልና ያ የጎደለው ቦታ ብቅ አለ፤ ቶሎ ብላ መዳፏን አፏ ላይ አደረገች። እናትስ ምን ትባላለች? ብላ ከመዳፏ ሥር ጠየቀች። «ኦሞኒ» አለቻት። እሱም መዝጊያ የለውም፤ አፍ ተከፍቶ ይቀራል። እትዬ ጀሶ ከዚያ ቋንቋ እነዚህን ሁለት ቃላት ያዘች፣ ሌላ ለመጨመር አልፈለገችም።

ቅዳሜ ሽፋኑን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ልጇን አስከትላ፣ ከፎቶኮፒ ቤቱ በላይ ወዳለው ክፍል ወጣች። ልጅቷ መምህርቷ ፊት «ኦት» አለች።

«ጭራ አለው» አለች መምህርቷ።

እትዬ ጀሶ ተቆጣች። አሻራው ልክ ነው፣ ምላሷ ቦታውን ይዟል፣ የእኔ ሽፋን አይዋሽም አለች። መምህርቷ ደግሞ ጆሮዬም አይዋሽም እትዬ አለቻት። ሁለት ባለሙያ ሲጋጠም መሀል ላይ ያለ ሰው ይጨነቃል፤ ልጅቷ መስኮት መስኮቱን ታይ ጀመር። በመጨረሻ እናት ከቦርሳዋ ማንኪያውንና የልክ መውሰጃውን አወጣች። ለእንዲህ ያለ ቀን ይዛው መጥታለች ማለት ነው።

«እንግዲያው የአንቺን እንይ መምህርት። አፍሽን ክፈቺልኝ።»

መምህርቷ ሳቀች፣ ከፈተች። እትዬ ጀሶ ማንኪያውን ላንቃዋ ላይ ጭና፣ ለስንት ሺህ ደንበኛ ያለችውን አለቻት፤ «ያዢ። ቆዪ። እስክነግርሽ እንዳትነቃነቂ።»

ሰኞ በምሳ ሰዓት የመምህርቷ ሽፋን ተጠናቀቀ። መምህርቷ መጥታ አጠለቀችው፣ «ኦት» አለች፣ አወለቀችው፤ ልጅቷም በራሷ ሽፋን እንደዚያው አደረገች። እትዬ ጀሶ ሁለቱን ሽፋን የመስኮቱ ደፍ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣ ጎንበስ አለች። ቦታው አንድ ነው። ኮቴውም አንድ ነው። ልቧ ሞቅ ሊላት ሲል አንድ ነገር አየች። የመምህርቷ አሻራ ጠርዙ በቢላ እንደተቆረጠ ነው። የልጇ ጠርዝ ግን ወደ ኋላ ተጎትቷል፤ ዱቄቱ ላይ ስስ ጭረት አለ።

እንዲህ ያለውን ጭረት ታውቀዋለች። ችኩል ደንበኛ ልክ ሲወሰድለት ሳይጠና አፉን ያንቀሳቅስና ልኩ የሚበላሸው እንዲህ ሆኖ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እጇ ላይ ነበረ። ቦታውን ብቻ ስታይ ሰነበተች፤ በራሷ ሥራ ኮርታ ልጇን ወደ ተሳሳተ በር ስትገፋ ከረመች።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች ወደ ሁለቱም ዞራ። «የት እንደምትዘጊ ነበር የማይሽ። መዝጋቱንስ ዘግተሻል። ሳይጠና ነው የምትለቂው።»

መምህርቷ ጎንበስ ብላ ጭረቱን አየች። እሷ ጭራው እንዳለ ትሰማለች እንጂ ከየት እንደሚበቅል ለማንም ማሳየት ችላ አታውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቱ ሌላ ሆነ። ልጅቷ ቃሉን ትላለች፣ መጨረሻው ላይ ትዘጋለች፣ እናት እጇን አንስታ «ቆዪ» ትላለች፤ እጇ ሲወርድ ብቻ ምላስ ይወርዳል፣ ያውም ያለ ድምፅ። ለከንፈሩ መዝጊያ ደግሞ ዶክተሩ ደንበኛ የሚያስነክሳትን ሰማያዊ ስስ ወረቀት ከልጇ አፍ ፊት ታንጠለጥላለች፤ «ባፕ» ስትል ወረቀቷ ከቃሉ በኋላ ከተንቀጠቀጠች ጭራ ወጥቷል። መጀመሪያ ወረቀቷ እንደ ባንዲራ ተውለበለበች። በአምስተኛው ቀን ከአሥር ስድስቴ ዝም አለች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እትዬ ጀሶ ግን አፍ ሲያመልጥ የሚታወቅበትን ዘዴ አገኘች።

ታዲያ አንድ ቀን ዶክተሩ ጥርስ ሊጠይቅ ገብቶ ልጅቷን ወረቀት ፊት ስታፈጥ፣ እናቷን እጇን ሰቅላ ቆማ አገኛቸው። ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ሽፋኖች አየ። ሳቀና አክሪሊኩ ለደንበኛ መሆኑን፣ ቋንቋም በጥርስ ቤት እንደማይለመድ ተናገረ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጀርባው ያለውን ክፍል አስቦት ስለማያውቅ ነው።

እትዬ ጀሶ እጇን አወረደች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ዶክተር፣ ሠላሳ ዓመት የእኔን ሥራ በእርስዎ ስም አስመስግኛለሁ። አልከፋኝም። ይቺ ግን በራሷ አፍ ትናገር።»

ዶክተሩ ሊጠይቅ የመጣበትን ጥርስ ይዞ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ሙሉ ፓኮ ሰማያዊ ወረቀት ተቀምጦ አገኘች። ማን አስቀመጠው ብላ አልጠየቀችም።

ፈተናው ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ልጅቷ መቆየቱን አበዛችው። እያንዳንዱን ቃል ዘግታ ስትቆም ዓረፍተ ነገሯ የተነቃቀለ መንጋጋ መሰለ፤ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ። መምህርቷ በስልክ አሁን ደግሞ ሐውልት ሠራችሁልኝ አለች። እትዬ ጀሶ አንድ ሌሊት አሰላሰለችበትና ጠዋት አንድ ሙሉ የጥርስ ረድፍ ልጇ እጅ ላይ አስቀመጠች።

«እነዚህ ተነካክተዋል?»

«ተነካክተዋል።»

«ተጣብቀዋል?»

«አልተጣበቁም።»

«በቃ። ይግጠም እንጂ አትርገጪው። ሌላው ቃል ከመጣ መንገድ ስጪው።»

ልጅቷ የጥርሱን ረድፍ በአውራ ጣቷ ከዳር እስከ ዳር ዳበሰችው። ሥራ በእጇ ስትነካው ነው የሚገባት፤ በዚህ እናቷን ትመስላለች።

የንግግሩ ፈተና የተሰጠው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው፤ የእጅ ሥራውን ልጅቷ በዋዜማው አልፋለች። ከፊት ሦስት ፈታኞች፣ መሀል ላይ አንድ ወንበር፣ ከኋላ ለዘመድ የተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች። ውጤቱ ለእያንዳንዱ እዚያው ይነገራል። እትዬ ጀሶ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ከመምህርቷ ጎን ተቀመጠች። ያን ቀን ታጥባ፣ ተለቅልቃ፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ነበር፤ ጆሮዋ ጀርባ ግን አንዲት የጀሶ ነጥብ ቀርታ ነበር። መሪ ፈታኙ ከኮሪያ የመጣ፣ ከነገ ወዲያ የሚመለስ ሽማግሌ ሰው ነው። አፉን ለሰላምታ ገና ሲከፍት የላይ ጥርሶቹ በሙሉ ሰው ሠራሽ መሆናቸውን ለየች። ደህና ሥራ ነው፤ የፊቶቹ ብቻ የሩዝ ፍሬ ታህል ወደ ውጭ ወጥተዋል፤ ስለዚህ ሲናገር ትንሽ ያፏጫል። የሠራው ሰው ቸኩሏል አለች በልቧ።

ልጅቷ ተቀመጠች፤ ገጹን ሰጧት፤ ማንበብ ጀመረች። እናት አንድም ቃል አይገባትም። የምታየው መንጋጋ ነው። ሲዘጋ አየች። ሲቆይ አየች። ሳይንፈራገጥ ሲወርድ፣ ቀጣዩን ሲቀበል አየች። የከንፈሩ መጣ፤ ገጠመ፣ ቆየ። የኋላው መጣ፤ ጉሮሮዋ ላይ ያለችው ጅማት ትንሽ ተወጥራ ቆማ ረገበች። እትዬ ጀሶ ጭኗ ላይ ያለውን እጇን ሳታውቀው ከፍ ዝቅ ታደርግ ነበር። መምህርቷ እርሳሷን ይዛ መጥታለች፤ ከገጹ መጨረሻ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ወንበሩን አልመታችበትም።

ሽማግሌው ፈታኝ ወረቀቱን አስቀመጠና አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ልጅቷ ቀና አለች፣ መለሰች። ረጅም መልስ አልነበረም። እትዬ ጀሶ ከመሀሉ ሁለት ነገር ሰማች፤ መጀመሪያ «ኦሞኒ»፣ ትንሽ ቆይቶ «ኢ»። ሦስቱም ፈታኞች አንገታቸውን አስግገው ወደ መጨረሻው ረድፍ ተመለከቱ።

መምህርቷ ልትተረጉምላት ጎንበስ አለች።

«ተይው» አለቻት እትዬ ጀሶ። «ገብቶኛል።»

ገብቷታልም። ሰውዬው እንዲህ መዝጋት የት ተማርሽ ብሎ ነው የጠየቃት። ልጅቷም እናቴ ጥርስ ትሠራለች፣ እሷ ናት ያስተማረችኝ አለች።

ሽማግሌው ከሁለቱ ባልደረቦቹ ጋር ትንሽ ተነጋገረና ወደ ልጅቷ ዞሮ አንድ አጭር ነገር ተናገረ። መምህርቷ የእትዬ ጀሶን ክንድ ጭምቅ አደረገች። «አለፈች። ተቀብለዋታል።»

ልጅቷ ከወንበሯ ተነስታ ወደ ኋላ ዞረች። እናቷ እየሳቀች ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው አፍ ስትሞላ የኖረችው ሴት፣ ሁለት ጥርስ የጎደለው አፏን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ በሰው ሁሉ ፊት እየሳቀች ነው፤ ሁለቱም መዳፎቿ ጭኗ ላይ ናቸው። ሽማግሌው ፈታኝም አይቷት ሳቀ። እትዬ ጀሶ በእንባዋ ውስጥ አተኩራ አየችውና፣ አዎ፣ የፊቶቹ የሩዝ ፍሬ ታህል ወጥተዋል፣ ከነገ ወዲያ ከመሄዱ በፊት ብቅ ቢል እስከ ምሳ አስተካክልለታለሁ፣ ዶክተሩ ከፈለገ እኔ ነኝ የሠራሁት ይበል ብላ አሰበች።